የሙሉ ባሕር ዛፎች

ጉንፋን ያዘኝና ልጄ ስንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልታ፣ ከነክዳኑ አምጥታ እፊቴ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ነጠላ ልጣልብዎትና ይታጠኑት። ደረትዎን ይከፍተዋል።"

ክዳኑን ስታነሣው እንፋሎቱ አፍንጫዬን መታኝ። ድስቱን በእግሬ ገፋሁት። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ምነው አባዬ! ምን ነካዎት?"

"ውሰጂልኝ። በሳል ልሙት።"

"ንፋስ መውጫ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ጉንፋን ሲይዘው የሚታጠነው ይኸንኑ ነው። ሌላውን ሰው ያልገደለ እርስዎን ሊገድል ነው?"

"ሌላውን አለመግደሉን አንቺ በምን አወቅሽ?" አልኋት።

ተናዳ ድስቱን ይዛ ወጣች። ሽታው ግን አልወጣም። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እህቴን ሙሉን ሳስብ ዋልሁ። ስንዱ "ምን ሆነው ነው?" እያለች ስለነዘነዘችኝ ያን ዓመት እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከቄስ ዘንድ ጥቂት ነው፤ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት ነው የለቀምሁት። አጻጻፌን የሚያርም ያርመው። ነገሩን ግን ማንም አያርምልኝም።

አገራችን ላይ ጋይንት ነው። መንደራችን ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ተዳፋቱ ላይ ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በመንደሩ መካከል ከአለት ሥር የምትወጣ ምንጭ ነበረች፤ የሚካኤል ምንጭ እንላታለን። እኔ ነፍስ ሳውቅ የክንድ ውፍረት ያላት ውሃ ነበረች። የምንጠጣው እሷን ነው፤ ሕመምተኛም ይጠመቅባታል። የታቦት ውሃ ናትና ሕግ አላት። ጫማ ያደረገ ዓይኗ ድረስ አይሄድም። ሴት ልጅ በወሯ ጊዜ አትጠጋትም፤ ሌላ ሰው ይቀዳላታል።

ከምንጯ በላይ ወይራው፣ ጥዱ፣ ኮሶው፣ ግራዋው ነበር። ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው የለም። ከእነሱ መካከል ደግሞ ማን እንደተከላቸው ሁሉም የሚያውቃቸው አምስት ባሕር ዛፎች ቆመው ነበር። የተከላቸው የአባቴ አባት፣ አያ ተገኘ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ገና ጡት ሳትጥል አያቴ በርስት ክርክር ደብረ ታቦር ሄዶ ነበር። እዚያ ቀጥ ብሎ ሰማይ የሚነካ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አየ። በኛ አገር ያን ጊዜ አልነበረም። ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለቤቱ ጓሮ ብሎ ተሸክሞ መጣ። እቤት ሲደርስ ሙሉን ትኩሳት ይዟት፣ እናቴ ተስፋ ቆርጣ፣ ጎረቤት ለልቅሶ ተሰብስቧል። አያቴ ጭነቱን እንኳ አላወረደም። በመጣበት እግሩ ሚካኤል ደጅ ሄደና፣

"ልጅቱን ተውልኝ። እኒህን ዛፎች ለራሴ አልተክላቸውም፤ ያንተ ናቸው" አለው።

ሙሉ ተረፈች። አያቴም ቃሉን ጠበቀ። ውሃ እንዲጠግቡ ብሎ ከምንጩ ራስ ላይ ተከላቸው። ፍየል እንዳይበላቸው፣ የማገዶ ለቃሚ እንዳይሰብራቸው ብሎ ደግሞ ቄስ ፈንታን ለመነና አስገዘተ። ቄስ ፈንታ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ። በሕዝብ ፊት ቆመው፣ "ቅርንጫፋቸውን የሰበረ፣ ቅርፊታቸውን የላጠ፣ ምሳር ያነሣባቸው ውጉዝ ይሁን" አሉ። ሕዝቡም "አሜን" አለ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው አያቴ ነበር ይላሉ።

እኔ የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በላይ ሄደው ነው። ሰዉ የሚጠራቸው የሙሉ ዛፎች ብሎ ነው። እሷ ስታድግ አብረው አደጉ። ቅርፊታቸው በረጅሙ እየተላጠ ይወድቃል፤ ግንዳቸው ግራጫ ነው፣ ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን አያቴን ባሕር ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው "ዳር የሌለው ውሃ ነው" አለኝ። እንግዲያውስ የባሕር ዛፍ ማለት ባሕሩ ውስጡ ያለ ዛፍ ነው ብዬ ሄጄ ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጠፍሁ። ከውስጥ ሹሹሹ ይላል። ሮጬ ለሙሉ ነገርኋት። ሙሉ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ እኔ ገና ሱሪ አልታጠቅሁም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሷ ግን እንስራዋን አውርዳ ጆሮዋን ለጠፈችና ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

"እውነትህን ነው፤ ይፈሳል" አለችኝ።

ያ ዓመት ክረምቱ ሸጋ ነበር። ገብሱ አማረ፣ ከብቱ ጠገበ። የተራበ ሰው አልነበረም። ሰውን የጨነቀውም ይኸው ነው። ዝናብ ጠፍቶ ቢሆን ምክንያቱ ይታወቅ ነበር። ዝናቡ መልካም ሆኖ ሳለ ውሃይቱ መሸሽ ጀመረች። በመስከረም የክንድ ያህል የነበረችው በጥር እንደ ጣት ቀጠነች፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አለቱን እያረጠበች የምትንጠባጠብ ሆነች። እንስራ በምንጯ ዳር በተራ ተደርድሮ ይውላል። የኔ ሥራ ከሙሉ ጋር ሄዶ፣ በአለቱ ስንጥቅ የተጠራቀመውን በቅል እየጨለፉ እንስራዋ ውስጥ መገልበጥ ነበር። እኔ እጄ ትንሽ ስለሆነች ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። ቅሉ አለቱን ሲፍቅ የሚያሰማውን ድምፅ አሁንም ጥርሴ ያስታውሰዋል።

ሌላም ነገር ነበር፤ አያቴ ነው ያሳየኝ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሣር የሚባል የለም። ቅጠሉ ወድቆ አይበሰብስም፤ እንደ ቆዳ ደርቆ ይቀመጣል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ላም አሽትታ ትታው ትሄዳለች። ጎናቸው የነበረው ግራዋ ከነቁመቱ ደርቋል። አያቴ በዘንጉ መሬቱን ነካ ነካ እያደረገ፣ "እዚህ ጋ ድሮ እርጥብ ነበር" ይላል። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይሄዳል።

አንድ ማለዳ ተራ ይዘን ሳለን እትዬ ጥሩነሽ መጣች። የጎረቤታችን ሚስት ናት፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ምላሷ ግን አይታሰርም። እንስራዋን ከሙሉ ኋላ አስቀመጠችና ለቆሙት ሴቶች ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣

"ይቺ ውሃ ዝም ብላ አትሸሽም። ያልነጻች ገብታባታለች" አለች።

"ማን?" አለች አንዷ።

"እኔ ምን አውቄ! ሰው ሳይነሣ የምትመጣዋን ጠይቋት። ማን አየኝ ብላ ነው እንዲያ የምትማልደው?"

"ተራ ስለሚበዛ ነው የምማልደው፣ እትዬ ጥሩነሽ" አለች ሙሉ።

"ስምሽን ጠራሁ እንዴ? አንቺው ነሽ የመለስሽው!"

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሉ ፊቷ ቀላ። እኔ የሙሉን ቀሚስ ጫፍ አየሁት። እውነትም ጭቃ ነበረበት። እሷ በጨቀየ መንገድ ስትመላለስ ውሃው ተቀይሞ ነው አልሁ። ቀን ላይ እቤት ማንም ሳይኖር ቀሚሷን ወሰድሁና በእንዶድ ፈትጌ አጠብሁት። ለማጠቢያ ያገኘሁት ውሃ በጋኑ የተረፈችው ብቻ ነበረች፤ ሁሉንም ጨረስኋት። እናቴ መጥታ ባዶ ጋን ስታገኝ በጥፊ መታችኝ።

"ምን አደርግ ብለህ ነው?"

"ሙሉ አልነጻችም አሏት። እኔ አጠብሁላት።"

እናቴ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ መደብ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ነገሩ የእድፍ ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

በጾሙ መካከል ወንዶቹ ምንጩን ሊጠርጉ ወጡ። በየዓመቱ ይጠረጋል፤ የደለለውን አፈርና ቅጠል ያወጣሉ፣ ያበቃል። ያን ቀን ግን ቄስ ፈንታ ጸሎት አድርሰው፣ ዶማውን ወደ ዓይኑ ውስጥ ጠልቀው እንዲቆፍሩ ፈቀዱ። አባቴ ነበር የሚቆፍረው። አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታና እጁን ሰዶ የሆነ ነገር ጎተተ። ተጎትቶ አያልቅም። ቀላ ያለ፣ ቀጭን፣ የተቋጠረ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ ቅርጫት የሚሞላ።

"ጸጉር ነው!" አለ አንዱ፣ ወደ ኋላው ዘሎ።

"የሴት ጸጉር ነው።"

"መተት ተቀብሮባት ነዋ! እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር።"

ሙሉ ጸጉሯ ቀላ ያለ ነበር። ሹሩባዋ ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል። ማንም ስሟን አልጠራም። ግን ሁሉም ዞረው ሴቶቹ ወደቆሙበት አዩ፤ ሴቶቹም ከሙሉ ራቅ ራቅ አሉ፣ ብቻዋን ቀረች። አባቴን አየሁት፤ ዶማውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ አያቴ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ያን ነገር ከአባቴ እጅ ተቀበለው፣ በቀረችው ውሃ አለቀለቀው፣ በጥርሱ በጠሰው፣ አኘከው፣ ተፋው።

"ሥር ነው" አለ።

"የምን ሥር?" አሉ ቄስ ፈንታ።

"ያንን ነው የማላውቀው፣ አባ። የወይራ ሥር ይጠቁራል፣ የኮሶ ይመርራል። የጥድ እንዲህ እሩቅ አይሄድም።"

"አያ ተገኘ፣ ለልጅዎ ብለው ጸጉሩን ሥር አያድርጉት እንጂ!" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

አያቴ ዘወር ብሎ አላየውም። ዶማውን ከአባቴ እጅ ወሰደና፣ "ሥር ከሆነ ዛፍ አለው። እከተለዋለሁ" አለ።

ተከተለው። ከምንጩ ዓይን ጀምሮ ተዳፋቱን ሽቅብ ቦይ እያወጣ ቆፈረ። አባቴ ማረሻውን ጥሎ መምጣት አልቻለም፣ ሌላው ሰው ደግሞ አልፈለገም። አፈሩን በቁና እየተሸከምሁ የምደፋው እኔ ነበርሁ። ጸጉር የነበረው ከፍ ሲል ክር ሆነ። ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ የክንድ ያህል። መንገደኛ ቆም ይልና፣ "አያ ተገኘ፣ ወርቅ አገኙ?" ይላል። አያቴ "እየመጣ ነው" ይላል፣ ይቆፍራል።

ወደ ወይራው ሲቀርብ ፊቱ ፈካ አለ። ወይራው ይሁን ብሎ ይመኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ወይራ ማንም አልተከለው፤ በማንም አያሳብብም። ሥሩ ግን ወይራውን ታኮ አልፎ ሄደ። አያቴ ቆመ፤ ወዴት እንደሚሄድ ቀና ብሎ አየ። ከፊታችን የቀሩት እነዚያ አምስቱ ብቻ ነበሩ። መቆፈሩን አልተወም፤ ግን ዶማውን ቀስ ብሎ ነበር የሚያነሣው፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚቆፍር። ሥሩ የጭን ያህል ሆኖ ከመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ጉያ ሲገባ አያቴ እቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"ውሃ አምጣልኝ" አለኝ።

"የለም አባባ።"

"አዎን፤ የለም።" ግንዱን በአገጩ አመለከተኝና፣ "ሙሉ ነግራኛለች። እስቲ ጆሮህን ለጥፍበት" አለኝ።

ለጠፍሁ።

"ምን ይላል?"

"ይፈሳል።"

"እንግዲህ ያ ነው፣ ምንጩ" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አያቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመ። ሥሩን ይዟል።

"ምንጫችንን የጠጣው እኔ የተከልሁት ዛፍ ነው። ቦዩን ሂዱና እዩት። ልጅቱ የለችበትም። ዛፎቼን ቆርጬ ውሃውን እመልሳለሁ።"

"የእርስዎ አይደሉም፣ አያ ተገኘ" አሉ ቄስ ፈንታ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። "የሚካኤል ናቸው። ለታቦት የተሰጠ ተመልሶ አይወሰድም።"

"እኔ ነኝ የሰጠሁት!"

"ለዚህ እኮ ነው የእርስዎ ያልሆኑት። ደግሞ ግዝቱን ያስጣሉኝ እርስዎ ነዎት። 'አጥብቁልኝ አባ' ብለው አጥብቄ ነው የገዘትሁት።"

"ያጠበቁትን ይፍቱልኛ!"

"እንዴት አድርጌ? የመልአኩ ዛፍ የመልአኩን ውሃ ያደርቃል ብዬ ልመስክር? ሰዉ ምን ይለኛል? እስቲ ፋሲካ ይለፍ። ቤተ ልሔም ገዳም ያሉትን ሊቃውንት እጠይቃለሁ።"

እትዬ ጥሩነሽ ከሴቶቹ መካከል፣ "በልጅ ልጅ ኃጢአት መልአክ ይከሰሳል?" አለች። ሰዉ አጉረመረመ። ቦዩን ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ዳር ደርሶ፣ ላለማየት ፊቱን አዙሮ ይሄድ ነበር።

አያቴ ጠበቀ። ሃይማኖተኛ ሰው ነው፣ በግዝት አይቀልድም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙሉ ወደ ምንጩ እንዳትሄድ ተከልክላ ገደል ወርዳ ከወንዝ ትቀዳ ነበር። እንስራውን ይዛ አቀበቱን ስትወጣ ከሩቅ አያታለሁ፤ የሚያግዛት ሴት የለም። አባቴም የራሱን መላ አበጀ። የእናቴ ዘመዶች ሲማዳ ከወገዳ ወዲያ ነበሩ፤ በእነሱ በኩል ሙሉን የሚያገባ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገኘ።

"ሽማግሌ ነው" አለች እናቴ።

"እዚያ ስሟን የሚያውቅ የለም። እዚህ ማን ይወስዳታል? ንገሪኝ፣ ማን?"

"አባትህ ዛፉን ልቁረጥ እያሉ አይደለም? ውሃው ከተመለሰ እኮ..."

"አባቴ አርጅቷል" አለ አባቴ።

ፋሲካ አለፈ። ከቤተ ልሔም መልስ አልመጣም፤ ቄስ ፈንታ ይጠይቁ አይጠይቁ አላውቅም። ዳግማይ ትንሣኤ በገባ ሳምንት ሙሉን ሊወስዱ ከሲማዳ ሰዎች መጡ። በቅሎ ይዘዋል። ዘፈን አልነበረም። ሙሉ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ደጃፍ ቆማለች፤ እናቴ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍናዋለች፣ አንዲት ዘለላ እንኳ እንዳትታይ።

ያን ጊዜ ነው ከላይ የምሳር ድምፅ የተሰማው።

መንደሩ ሁሉ ቀጥ አለ። ቄስ ፈንታ ጥምጥማቸው እየተፈታ ሽቅብ ሮጡ፤ እኔም ኋላ ኋላቸው ሮጥሁ። አያቴ እጀ ጠባቡን አውልቆ ይቆርጣል።

"አያ ተገኘ! ስለ ወላዲተ አምላክ! ነፍስዎን!"

"ነፍሴ አርጅታለች፣ አባ" አለ ሳያቆም። "ልጅቱ ግን ገና አልኖረችም።"

ማንም እጁን ሊይዘው አልደፈረም፤ ምሳር ያነሣን ውጉዝ የነካ አብሮ የተነካካ ነው የሚመስላቸው። አንደኛው ዛፍ ወደቀ። መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ያ ሽታ ተነሣና ተዳፋቱን ሞላው። ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ባሕሩ ከጉቶው ይፈስሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ እርጥበት ብቻ ነበር፣ እንደ ላብ።

ቁልቁል ስወርድ ሙሉን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠዋታል። ልጓሙን ይዞ የሚጎትተው ሰው ቸኩሏል። ሙሉ ጎንበስ ብላ፣

"ውሃው መጣ?" አለችኝ።

ወደ ምንጩ ሮጥሁ። በሆዴ ተኝቼ ስንጥቁ ውስጥ አየሁ። እንደነበረ ነው። ተመልሼ ሮጥሁ፤ በቅሎዋን ደረስሁባት።

"ገና ነው" አልኋት።

"እሺ" አለች። ከላይ ሁለተኛው ዛፍ ሲወድቅ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ኩርባው ሰወራት።

አያቴ እስኪመሽ አምስቱንም ጣላቸው። ቄስ ፈንታም ግዝቱን አነበቡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለው፣ አብሮት ማዕድ የሚቆርስ፣ እሳት የሚያውሰው ሰው የለም። በቤታችንም ለብቻው ይበላ ነበር፤ አባቴ እንዲህ እንዲሆን አዘዘ። ሳህኑን የማደርስለት እኔ ነበርሁ።

ውሃው መጣ። ይኸን የማያምነኝ ካለ አይመነኝ። ሙሉ በሄደች በሳምንቷ፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ስንጥቁ ሞልቶ ፈሰሰ። የጣት ያህል፣ ከዚያም ከፍ ያለ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አያቴ ከሩቅ፣ ከድንጋይ ላይ ሆኖ ያያል። እየሳቀ ነበር። ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አላልኋችሁም?" አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ። "ልጅቱ ወጣች፣ ውሃይቱ ገባች!"

"እውነትሽን ነው፣ እቴ!"

"ዛፉ ነው!" ብሎ ጮኸ አያቴ። "ዛፉ ስለተቆረጠ ነው! ሰማችሁ?"

ሁሉም ሰምተዋል። ለውጉዝ መልስ አይሰጥምና አልመለሱለትም። እንስራቸውን ሞልተው አዝለው ሄዱ።

ክረምት ገባ። በሐምሌ ከአምስቱ ጉቶዎች ላይ ቡቃያ ፈነዳ። አንድ ከተቆረጠበት አሥርም ከዚያ በላይም ወጣ፤ በየዙሪያው እንደ ችፍርግ ቁጥቋጦ። ቅጠሉ ግን ድሮ እንደምናውቀው ረጅምና ቀጭን አልነበረም። ሰፊ፣ ክብ፣ ሰማያዊ የሚያወጣ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው። ሰው እየመጣ ጉድ አለ።

"ሚካኤል ሌላ ዛፍ አበቀለ!"

"ይኸ የሰማይ ዛፍ ነው። እዩት ቀለሙን።"

አያቴ በዘንጉ እየተደገፈ ወጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ለክብሩ አይደለም።

"ያው ነው" አላቸው። "ሕፃን ሲሆን ቅጠሉ እንዲህ ነው። ከደብረ ታቦር ሳመጣው እንዲህ ነበር፤ ሲያድግ ይሾላል። እስቲ አሽቱት!" አለና ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ ዘረጋላቸው።

ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ አብዛኞቹ። አንዲት አሮጊት እንባዋ መጣ።

"አቤት መዓዛው! የቅዱሳን መዓዛ!" አለች።

አያቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ቅጠሉን ጥሎ እጁን በልብሱ ጠረገ።

በሳምንቱ ወንዶቹ ጉቶዎቹን በእሾህ አጠሩላቸው። ቄስ ፈንታ ግዝቱን አደሱ። በቡቃያው መካከል ደግሞ ሌላ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከሉ፤ ከንፋስ መውጫ ያስመጡት ነው። አያቴ አንድ ቀን ዶማ ይዞ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። "መቁረጤ ነው ስህተቱ። መንቀል ነበረብኝ፤ ሥሩን" አለኝ። ደጃፉን ግን አላለፈም፤ ዶማውን ተደግፎ ተመለሰ።

የሚቀጥለው በጋ ገና ጥር ሳይጋመስ ምንጩ ቀጠነ። በየካቲት አለቱ ደረቀ። መንጠባጠብ እንኳ የለም፤ እጄን ስንጥቁ ውስጥ ስሰድ አቧራ ይዤ ወጣሁ። ሴቶቹ እንስራቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

አያቴን ደግፌ አወጣሁት፤ ራሱ ነው አውጣኝ ያለኝ። ምንጩ ጠርዝ ላይ ቆመና አንድ በአንድ አያቸው። እትዬ ጥሩነሽ አንገቷን ደፋች።

"አሁንስ ማን ገባባት?" አላቸው።

ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን ማየት ጀመሩ።

"ሙሉ ሲማዳ ናት። አሁንስ ማንን ትድራላችሁ?"

አንዷ እንስራዋን አዘለችና ወደ ገደሉ ቁልቁል ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። አያቴ ባዶው አለት ፊት ቆሞ ቀረ። በዚያው ወር ሞተ። ከቅጥሩ ውጭ፣ በእሾህ አጥሩ ጎን ቀበርነው። የፈታው ቄስ የለም፤ አባቴና እኔ ነበርን፣ እናቴ ከሩቅ ታለቅሳለች። ጉድጓዱን ስንቆፍር ያ ጸጉር የመሰለ ሥር ወጣ። አባቴ በዶማው በጣጠሰው።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ሁሴን መጣ። ጨውና ጥጥ በአህያ ጭኖ ከንፋስ መውጫ ወገዳ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ በመንደራችን በኩል ሲያልፍ መልእክት ያደርሳል።

"ልጅሽን አየኋት፣ ገበያ ወጥታ" አላት እናቴን። "ደኅና ናት፤ ከስታለች እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አለችኝ። 'ውሃው መጣ ወይ?' ብላለች።"

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። አንድ ጊዜ ወደ ተራራው አየች። የአያቴን ሞት እንዳይነግራት ለመነችው። ከዚያ፣

"መጥቷል በላት። ሞልቶ ይፈሳል፣ አታስቢ በላት" አለችው።

ልጇ እንዳታዝን ነው። ጋሽ ሁሴንም "አልሐምዱ ሊላህ" ብሎ አህዮቹን ነዳ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አሰብሁ። ሙሉ ይኸን ስትሰማ ምን እንደምትል አሰብሁ። እኔ ስወጣ ውሃው ገባ ትላለች። እስክትሞት እንዲያ ትላለች።

በአቋራጭ ገደሉን ወረድሁ። ኩርባው ላይ፣ በቅሎዋ የተሰወረችበት ቦታ ላይ ደረስሁበት። ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር።

"ጋሽ ሁሴን! ደርቋል በሏት!"

"ምን?"

"ውሃው ደርቋል በሏት። እሷ ከሄደች በኋላ ነው የደረቀው። ዛፉ ነው የጠጣው በሏት።"

"አንተ ልጅ፣ እናትህ ያለችኝን ሰምተሃል። በሰው አገር ላለች ልጅ እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ ይዤ ልሂድ?"

"ክፉ አይደለም።"

"መንደሯ ውሃ አጥቶ? እንዴት ክፉ አይደለም?"

"እሷ ደስ ይላታል። በሏት ብቻ።"

ጋሽ ሁሴን ረጅም ጊዜ አየኝ። አለንጋውን ከትከሻው አወረደ፣ ራሱን አከከ። "እሺ" ይበል "እምቢ" ይበል አልለየሁም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። አህዮቹ ቁልቁል ጀምረዋልና ተከተላቸው። ድንጋይ ላይ ወጣሁና እስኪሰወር ድረስ ጮህሁ።

"ከነጭራሹ! ከነጭራሹ ደርቋል በሏት!"